ቀኔ ቀን ሆኖ ተቆጠረ

ዘንድሮ፣ በሦስተኛው ክረምቴ፣ የኔ አንድ ቀን አንድ ቀን ሆኖ ተቆጠረልኝ። ለእናቴ ብነግራት «አረም ማረም ቻልሽ ማለት ነው?» ብላ ወደ ወጧ ተመለሰች። እንግዲህ ጉራዬን እናንተ ስሙልኝ።

አያቴ የምትኖረው ምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ወጣ ብላ ነው። እዚያ ጤፍ የሚታረመው በወንፈል ነው፤ ዛሬ እነሱ ለኛ ያርማሉ፣ ነገ እኛ ለነሱ። ደቦ ላይ ባለቤቱ እንጀራና ጠላ ያቀርባል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ወንፈል ግን ቀን በቀን ነው የሚመለሰው፤ ስለዚህ ማን ምን ያህል እንደሠራ ዐይን ሁሉ ያያል። የጎረቤታችን ልጅ፣ እኩያዬ፣ የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን ዞር ዞር ብላ አየችና ለአያቴ «እማማ፣ የሷን ቀን በግማሽ ነው የምቀበልዎት» አለቻት። እኔ እዚያው ቆሜ! 14 ዓመቴ ነበር፤ ጠመድኳት። «ዳኛዋ» የሚል ስም አወጣሁላት። እሷም «ሸገር» ትለኝ ጀመር፣ ለሙገሳ እንዳይመስላችሁ።

ያ ክረምት የ2012 ነው፤ በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወደ ገጠር የተላክኩበት። ብዙ የሚወራ የለውም። እርሻውን፣ ከዘር በፊት መሬቱን በከብት ማስረገጡን፣ ዘሩንም የሠራው አጎቴ ነው፤ እኔ ቆሎ አመላላሽ ነበርኩ። በ2013 ትምህርት ዘግይቶ ስለተዘጋ የደረስኩት ለሁለተኛው አረም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣዬ ልምጣ። ጤፍ ሣር ነው። ከተማ ላደግን ሰዎች ይህ ትዝ አይለንም፤ እኛ ጤፍን የምናውቀው በወፍጮ ቤት ነው። አጎቴ ቱ ፎር ዲ የሚባል የአረም መድኃኒት ይረጫል። መድኃኒቱ እነ መጭን፣ ቅጠለ ሰፊውን ያደርቃል እንጂ ሣር አይነካም፤ ሣር ቢነካማ ጤፉም አብሮ ባለቀ። እንግዲህ ለእጅ የሚተርፈው ጤፍ የሚመስለው ብቻ ነው ማለት ነው፦ ሙጃው፣ ሲናሩ፣ እንግጫው፣ በዚያ ላይ እኔ እስካሁን ስሙን ያልያዝኩት አንድ ጤፍ መሳይ ሣር። ደግሞ አንድ ግራም ጤፍ 3,000 ያህል ፍሬ ነው። በእጅ ሲበተን ማሳው ሁሉ አንድ አረንጓዴ ምንጣፍ ይሆናል፤ የቱ ጋ ጤፍ ቆሞ የቱ ጋ አረም እንደጀመረ ፈልጉት። በመስመር ቢዘራ ኖሮ ከመስመር የወጣውን ሁሉ መንቀል ነበር። ይህን ለአጎቴ ብነግረው «መስመሩን አንች ነሽ የምታወጭልኝ?» አለኝ። ጉልበት ይፈጃል ነው የሱ ነገር። እኔ ግን አሁንም ልክ ነኝ።

በመጀመሪያ ስልኬን ታመንኩ። ቅጠል ፎቶ ሲነሳ ስሙን የሚናገር አፕሊኬሽን ነበረኝ፤ ለሁሉም «ሣር» አለኝ፤ ያንንማ ላሟም ታውቃለች። ቀጥሎ ጓንት። ከአዲስ አበባ ገዝቼ የሄድኩት ጓንት ነበር፣ እጄ እንዳይላጥ። እባካችሁ፣ ጤፍ ልታርሙ ከሆነ ጓንት የሚባል ነገር ይዛችሁ አትሂዱ። አረም የሚለየው በጣት ነው። ዳኛዋ ይህን ያስተማረችኝ በ2013፣ ጓንቴን ከእጄ ገፍፋ ነው፤ ሁለት አገዳ ሰጥታኝ «ዐይንሽን ጨፍኝና አሽከርክሪው» አለችኝ። የጤፉ ድቡልቡል ነው። የእንግጫው ጠርዝ አለው፣ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በሁለት ጣት መሀል ሲዞር ይንቀጫቀጫል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ዐይኔን እየጨፈንኩ አረምኩ። ያየኝ ሁሉ የምጸልይ ይመስለው ነበር።

ሲናር በቅጠሉ ስፋት ይታወቃል፣ ቀላል ነው። ሙጃም ጤፉን ቀድሞ ብድግ ስለሚል ራሱን ያጋልጣል። ያ ጤፍ መሳዩ ግን አሁንም ያሸንፈኛል። ዳኛዋ «የማታውቂውን ተይው፤ ዘለላ ሲያወጣ ማንነቱን ይናገራል» ትላለች። ጥሩ ምክር ነው፣ ስሟት። እኔ አልሰማኋትም። እጄ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ጥያቄ ያለበትን ሁሉ መንቀል ይወዳል።

በዚሁ አመሌ ያደረግኩትን ልናዘዝ። በዚያው በ2013 ጥግ ላይ ብቻዬን ሳርም፣ ምንጣፉ መሀል መሶብ የሚያህል ክብ አጸዳሁ። ከጨረስኩ በኋላ ክምሩን ሳየው ጤፍ ነው። ከነሥሩ። ዙሪያዬን አየሁና ታቅፌ ወስጄ ቦይ ውስጥ ጨመርኩት፣ ጭቃም አለበስኩት። ማታ አያቴ «ምነው እዚህ ጋ ሳሳ?» ስትል ዳኛዋ ቀድማ «ውኃ ተኝቶበት ነው፣ እማማ» አለች። በማግስቱ ወደ ቦዩ አመለከተችኝና ምንም አልተናገረችም። ከሒሳቤ ላይ ግን ግማሽ ቀን ቀነሰች።

ከዚያ በኋላ ነው መነጋገር የጀመርነው። የፍልሰታ ጾም ስለነበር ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አንቀምስም፤ ዝናብ ሲያባርረን አንዲት ገሳ ሥር ሁለታችን እንኮራመታለን። እዚያ ነው የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤቷ ከኔ በ11 ነጥብ እንደሚበልጥ የሰማሁት። እስከዚያች ቀን የማትማር ነበር የመሰለኝ። አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም፤ ሁለት ክረምት ሙሉ!

ዘንድሮ ሦስተኛ ጨመርን። ከቢቸና ከተማ ለደብተር መግዣ በቀን ሥራ የመጣች ልጅ ናት። እጇ ፈጣን ነው፤ ግን አናቱን ቀንጥሳ ሥሩን ትታ ታልፋለች። እንግጫ እንዲህ አይታረምም፤ ከመሬት በታች ያለው ኳሱ ከቀረ በሳምንቱ ተመልሶ ይስቅባችኋል። ከዝናብ ማግስት፣ አፈሩ ሳይጠጥር፣ ዝቅ ብሎ ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ይህን ስነግራት ዳኛዋ «ስሟት፣ ሸገር ሥር ታውቃለች» አለች። ደነገጥኩ፤ ስድቡ መቼ እንደ ሄደ አላወቅኩም። ልጅቷ ግን «እኔ የሚከፈለኝ በቀን ነው፣ በሥር አይደለም» አለችን። መልስ አጣን። ወደ ወንፈሉ የገባችው በኋላ ነው፤ የእናቷ ግማሽ ጥማድ ማሳ በአረም ሲዋጥ ሁለት ቀን ሄደንላት፣ እሷም ሁለት ቀን መለሰችልን። የራሷ ማሳ ላይ ሥሩን ሳትነቅል አታልፍም ነበር!

ስለ ወገብ የምመክራችሁ የለኝም። ቁጢጥ በሉ ይላሉ፤ ጉልበት ያማል። ጎንበስ ብትሉ ወገብ ነው። እኔ እያቀያየርኩ ሁለቱንም ታመምኩ።

ነሐሴ 28 ማታ ዳኛዋ ሒሳቡን በጣቷ ቆጠረች። ኪዳነ ምሕረትን፣ ማርያምን፣ እሑዶቹን አውጥታ «እናንተ አምስት፣ እኛ አምስት» አለች። ምንም አልተቀነሰም። አያቴ ሳቀች፤ እኔ ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ። ይሁን እንጂ የመጨረሻዋን ቀን፣ የነሱን ተራ፣ ዝናብ እኩለ ቀን ላይ በተነብን። ጳጉሜን 2 ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርኩ።

ስለዚህ የዓመቱን እንግጫ ነቀላ አላየሁም። ክረምቱን ሙሉ የተረገመው እንግጫ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጎናል፤ ልጃገረዶቹ እየዘፈኑ ይነቅሉታል። ሁለቱ ሄደዋል። በአጎቴ ስልክ ደውለው ነገሩኝ፣ ያቺ ባለ ደብተሯ አሁንም አናቱን እንደምትቀነጥስ ጭምር።

«ግማሽ ቀን አለብኝ፣ ለኅዳር አጨዳ እመልሳለሁ» አልኳት ዳኛዋን።

«ማጭድ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ ለአጨዳ ቀንሽ ግማሽ ነው። ሙሉ ቀን ትመጫለሽ።»