ባለተሳቢ መኪና ላይ የሚወርደው ባሪየር፦ የሁለት ወር ልፋቴ

ባለፈው ሳምንት አንድ ባለተሳቢ መኪና በራችንን አልፎ እስኪገባ ድረስ የባሪየሩ፣ ማለትም በሞተር እየተነሳና እየወረደ መግቢያውን የሚዘጋው አግዳሚ፣ ክንድ ሽቅብ ቆሞ ጠበቀው። ሁለት ወር የለፋሁት ለዚህች ነው።

ዱከም በሚገኝ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ሞተሩን መትከል፣ ገመድ መዘርጋት፣ ሪሞት ማላመድ ብዙም አላስቸገረኝ። የክንዱን ክብደት የሚያመዛዝነው ስፕሪንግም ቶሎ ገባኝ። መብራት ታጠፋለህ፣ ሞተሩን በቁልፍ ታላቅቃለህ፣ ክንዱን 45 ዲግሪ ላይ ትለቀዋለህ። እዚያው ከቆመ ሚዛኑ ልክ ነው። የበሩ ጥበቃ ጋሼ ይህን ሲያዩ ሳቁ። እሳቸው ለዓመታት የሠሩት ጫፉ ላይ ድንጋይ በታሰረበት አጣና ነው። «ያው ድንጋዩን ሳጥን ውስጥ ከተታችሁት እንጂ» አሉኝ።

የገደለኝ ሉፑ ነው፤ መሬት ውስጥ የሚቀበረው የሽቦ ጥቅል። መኪና ከላዩ ሲሆን ብረቱ የጥቅሉን ኢንዳክታንስ (ጥቅሉ የኤሌክትሪክ ለውጥን የሚቋቋምበትን መጠን) ይቀንሰዋል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው መለኪያ፣ ዲቴክተሩ፣ ይህን ያይና ክንዱ እንዳይወርድ ይይዘዋል። ፒክአፕ ሲያልፍ ሰላም ነው። ባለተሳቢ ሲመጣ ግን መሃሉ ላይ ዱብ!

መጀመሪያ ዲቴክተሩን ጠርጥሬ አለቃዬን አዲስ አስገዛሁት። ያው ሆነ። ከዚያ፣ አፍራለሁ፣ መዝጊያ ሰዓቱን 40 ሰከንድ አድርጌ ዝም አልኩ። በአንድ መክፈቻ ሦስት መኪና ተከታትሎ መግባት ሲጀምር ተነቃብኝ።

በመጨረሻ ሳጥኑን ከፍቼ የዲቴክተሩ መብራት ፊት ቁጭ አልኩ። ሹፌሩን በእግር እርምጃ ንዳው አልኩት። የፊት ጎማ ሲደርስ በራ። የመኪናው ሆድ ሲደርስ ጠፋ። የኋላ ጎማ ላይ በራ፤ ተሳቢው የሚጎተትበት ዘንግ ላይ እንደገና ጠፋ።

ለካ ሉፑን 2 ሜትር በ1 ሜትር ነበር የቆረጥኩት። ሉፕ ወደ ላይ የሚያየው የአጭር ጎኑን ግማሽ፣ ቢበዛ ሁለት ሦስተኛውን ነው። የኔው ከ60 ሴንቲ ብዙም አያልፍም ማለት ነው። የኮንክሪቱ ፌሮ ደግሞ ከዚያም ላይ ይቀንስበታል። እንደገና 2 በ2 ቆርጬ ሽቦውን ሦስት ዙር ጠቀለልኩ። እስከ ሳጥኑ ያለውን ጥንድ ሽቦ በሜትር 20 ጊዜ ያህል ገመድኩት፤ ያልተገመደ ሽቦ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በሬንጅ ደፈንኩት። ዲቴክተሩ ላይ መኪና ካየ በኋላ ንቃቱን ከፍ የሚያደርግ ማብሪያም አለ። ማኑዋሉን ስላላነበብኩ ያን ሁሉ ጊዜ ጠፍቶ ነበር።

ፎቶሴል (ጨረሩ ሲቋረጥ መኪና እንዳለ የሚያውቅ መሣሪያ) ብቻውን ይበቃል የሚለኝን ሰው አልሰማም። ጨረሩ በመኪናውና በተሳቢው መሃል ሾልኮ ያልፋል፤ የኛ አቧራ ደግሞ መስታወቱን በሳምንት ይሸፍነዋል። ሁለቱንም ግጠሙ። ለየሹፌሩ ሪሞት ማደልም ይቅርባችሁ፤ የኛዎቹ ሪሞቶች ዛሬ ማን ጋ እንዳሉ አላውቅም።

ሞተር ሳይክል ግን አልተፈታልኝም። ሉፑ ሲሰፋ ትንሿን ብረት በደንብ አያያትም። ለጊዜው ሞተረኛው ወርዶ በእግረኛው በር እየገፋ ይገባል፤ ስድቡን የሚቀበሉት ጋሼ ናቸው።