ጥሎ የሄደ ሰው ስለ ቤተሰብ ሲያስተምር

ስለ ቡድሃ ሳነብ ሁሌ የሚከነክነኝ ነገር ነበር። እንደሚተረከው፣ በኋላ ቡድሃ የተባለው ሲዳርታ ጎታማ በ29 ዓመቱ፣ ሚስቱ ያሾዳራ ገና አራስ ሳለች፣ በሌሊት ተነስቶ ሊመንን ወጣ። የተኛ ልጁን እንኳን አላቀፈም። የልጁን ስም ራሁላን "ማሰሪያ" ብለው የሚፈቱት አሉ። እኔ ልጅ ሳልወልድ ይህን ታሪክ እንደ ጀግንነት ነበር የማየው። ከወለድኩ በኋላ ግን በሩ ላይ ቆሞ እናትና ልጅን አይቶ የሄደበት ቦታ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። እውነቴን ነው፣ ተናደድኩበት።

መልሼ የከፈትኩት ቡድሂስቶቹ ራሳቸው ይህን ቁስል እንዳልሸፈኑት ሳውቅ ነው። ከዓመታት በኋላ ቡድሃ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ካፒላቫስቱ ሲመለስ እናትየው ራሁላን "ያ አባትህ ነው፣ ሂድና ርስትህን ጠይቀው" ብላ ላከችው። ልጁ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ "ርስቴን ስጠኝ" ይለዋል። ቡድሃም ዞር ብሎ ደቀ መዝሙሩን ሳሪፑታን "አመንኩሰው" አለው። አያትየው ሱዶዳና ይህን ሲሰሙ አልቻሉም። አንተ ስትሄድ ተሰቃየሁ፣ ወንድምህ ናንዳ ሲከተልህ ተሰቃየሁ፣ አሁን ደግሞ ራሁላ፤ የልጅ ፍቅር እኮ ቆዳን አልፎ፣ ሥጋን አልፎ፣ አጥንት ሰብሮ መቅኔ ድረስ ይገባል አሉት። ቡድሃ አልተከራከራቸውም። ወላጆቹ ያልፈቀዱለት ልጅ ከእንግዲህ አይመነኩስም ብሎ ደነገገ። ዛሬም ቴራቫዳ በሚባለው የቡድሂዝም ቅርንጫፍ ሥርዓት ሊመነኩስ የመጣ ሰው እናትና አባትህ ፈቅደውልሃል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ይህ ጥያቄ የአንድ አያት ለቅሶ ውጤት መሆኑን ካወቅኩ ወዲህ ንዴቴ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም በርዷል።

ደግሞ የሲጋላ ታሪክ አለ። በማለዳ፣ ራጃጋሃ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ጸጉሩም ልብሱም የራሰ አንድ ወጣት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ እጁን አጣምሮ ይሰግዳል። አባቱ ሲሞት አደራ ብሎታል፣ አለቀ። ለምን እንደሚሰግድ ግን አያውቅም። ቡድሃ ተወው አላለውም፤ አቅጣጫዎቹን በሰው ሞላለት። ምሥራቅ ወላጆችህ ናቸው፣ ደቡብ አስተማሪዎችህ፣ ምዕራብ ሚስትህና ልጆችህ፣ ሰሜን ወዳጆችህ፣ ታች የሚሠሩልህ ሰዎች፣ ላይ ደግሞ መነኮሳትና ብራህማን የሚባሉት ካህናት። ግዴታውም የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ልጅ ወላጆቹን ይጡር፣ ወላጅም ሙያ ያስተምረው፣ ርስቱንም በጊዜው ያስረክበው። ባል ሚስቱን ያክብር፣ አያቃላት፣ አይወስልትባት፣ የቤቱን ሥልጣን ይስጣት፣ ጌጥም ይግዛላት። ጌጡ የዘመኑ ነው እንበል፤ ሥልጣኑ ግን በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

ሠርጉን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። በጥንቱ ሥርዓት ትዳር የምእመናን ጉዳይ ነው፣ መነኩሴ ይመርቃል እንጂ አያጋባም። ጃፓን ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል፤ እ.ኤ.አ. በ1872 መንግሥት መነኮሳት እንዳያገቡ የነበረውን ክልከላ ካነሳ ወዲህ እዚያ ሚስትና ልጆች ያሏቸው የቤተ መቅደስ አገልጋዮች ብዙ ናቸው።

ብዙ ሰው ቡድሂዝም "አትውደድ" ይላል ብሎ ያስባል። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ነገር ግን በ5ኛው ክፍለ ዘመን ስሪላንካ ውስጥ የጻፈው ቡድሃጎሳ የተባለ መነኩሴ ፍቅርን ለማስረዳት የፈለገው ምሳሌ የአራት ልጆች እናት ናት። ሕፃኑ እንዲያድግላት ትመኛለች፣ የታመመው እንዲድን፣ ጎረምሳው ወጣትነቱን እንዲጠግበው። ራሱን ለቻለው ግን አትባዝንም፣ ትተወዋለች። አራተኛው ላይ ነው እኔ የምወድቀው። ልጄ የጫማውን ክር ራሱ ሲያስር ቆሜ ማየት አቅቶኝ እጄን እሰዳለሁ፣ እሱ ደግሞ ገፍቶ ያነሳዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ልቤን የነኩኝ የናኩላ አባትና የናኩላ እናት ናቸው። ናኩላፒታ እና ናኩላማታ ማለት ይኸው ነው፣ ስማቸው በልጃቸው ነው። አንዴ ቡድሃ ፊት ተቀምጠው፣ ከተጋባን ጀምሮ በሐሳብ እንኳን አንዳችን ሌላችንን አልከዳንም፣ በሚቀጥለውም ሕይወት መተያየት እንፈልጋለን ብለውት ነበር። አየህ፣ እንዲህ ያለ ምኞት ይዘው ሲመጡ አልገሠጻቸውም። በእምነት፣ በምግባር፣ በልግስናና በጥበብ እኩል ሁኑ፣ ትተያያላችሁ አላቸው።

ታዲያ አንድ ጊዜ ባልየው በጠና ታመመ። ሚስቱ አጠገቡ ሆና አላለቀሰችም፣ አትሙትብኝም አላለችውም። ጭንቀት ይዘህ አትሂድ ነው ያለችው። ልጆቹን ማን ያሳድጋል ብለህ ታስብ ይሆናል፤ እኔ ጥጥ መፍተል አውቃለሁ፣ ቤቱን አስተዳድራለሁ። ሌላ ታገባለች ብለህም ታስብ ይሆናል፤ አብረን እንዴት እንደኖርን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። እንዲህ እያለች ሊያሳስበው የሚችለውን ሁሉ አንድ በአንድ ከላዩ አነሳችለት። ይህን ለሚወዱት ሰው መናገር ምን ያህል አቅም እንደሚጠይቅ አስቡት። እኔ የምችል አይመስለኝም።

እሷ ተናግራ ስትጨርስ ሕመሙ ለቀቀው ይላል ታሪኩ። ከአልጋው ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ በትር ተመርኩዞ ወደ ቡድሃ ሄደ። ቡድሃም እንዲህ ያለች ሚስት ስላለችህ ዕድለኛ ነህ አለው።