ጥላ የሚሹና ፀሐይ የሚሹ የውኃ ተርቦች

ባለፈው ጥቅምት በአንድ ቀን ሁለት ውኃዎች ዳር ተቀመጥሁ። ጠዋት በወንዶ ገነት ከተራራው ደን በሚወርድ ጠባብ ጅረት ዳር ነበርሁ፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፀሐይ ያለ ከልካይ በሚመታው ቄጠማ መካከል። የሁለቱ ቦታዎች ርቀት አጭር ቢሆንም ያየኋቸው የውኃ ተርቦች ግን የተለያየ አገር ተወላጆች ይመስሉ ነበር። በሐይቁ ዳር ያገኘሁት ዓይነት በጅረቱ ዳር ካገኘሁት በዛ ያለ ስለ ነበር፣ ማታ ማስታወሻዬን ስገልጥ «ታዲያ ደኑ ምን ይጨምራል?» የሚል ጥያቄ ገጠመኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ የምሰጠው መልስ አሁን ግልጽ ስለ ሆነልኝ ነው።

በአማርኛ ሁሉንም የውኃ ተርብ ብንላቸውም፣ በዓለም ላይ ከ6,000 በላይ የሚሆኑት ዝርያዎች በአብዛኛው በሁለት ወገን ይመደባሉ። አኒሶፕተራ የሚባሉት ደንደን ያለ ገላ ያላቸውና ሲያርፉም ክንፋቸውን እንደ ዘረጉ የሚቀሩት ናቸው። ዚጎፕተራ የሚባሉት ደግሞ እንደ ስንደዶ የቀጠኑ፣ ዓይኖቻቸው ግራና ቀኝ የተራራቁ፣ አብዛኞቹም ሲያርፉ ክንፋቸውን በጀርባቸው ላይ የሚያጥፉ ናቸው። በጅረቱ ዳር የበዙት ቀጫጭኖቹ ነበሩ፤ በሐይቁ ዳር ግን ደንዳኖቹ።

ለዚህ ልዩነት ዋነኛው ምክንያት ሙቀት ነው። የቀጭኑ ገላ ትንሽ በመሆኑ የአካባቢውን አየር ሙቀት ቶሎ ይወስዳል፣ እርጥበቱንም ቶሎ ያጣል፤ ስለዚህ ለብዙዎቹ የጥላ ዝርያዎች በሐሩር አገር የቀትር ፀሐይ የሚያቃጥልና የሚያደርቅ ነው። ደንዳናው በተቃራኒው ለመብረር የሚበቃውን ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ ፀሐይ መሞቅ ወይም የክንፉን ጡንቻ በማንቀጥቀጥ ራሱን ማሞቅ አለበት፤ ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር ይህ ለብዙዎቹ አይመቻቸውም። በአማዞን ደን ትናንሽ ጅረቶች ላይ የሠሩ የብራዚል ተመራማሪዎች ይህንኑ አስተውለው፣ ከጅረቱ ዳር ዛፍ ሲመነጠር የቀጫጭኖቹ ድርሻ እንደሚቀንስና የደንዳኖቹ እንደሚጨምር አሳይተዋል፤ የሁለቱን ወገን ንጽጽርም የደንን ጤንነት ለመለካት ይጠቀሙበታል።

የእጮቹም ኑሮ ይለያያል። ከሞላ ጎደል ሁሉም እድገታቸውን የሚጀምሩት ውኃ ውስጥ ነው፤ ቀጫጭኖቹ በጭራቸው ጫፍ ላይ ባሉ ሦስት ቅጠል መሰል ስንጥቦች ሲተነፍሱ፣ ደንዳኖቹ ውኃ ወደ አንጀታቸው እየሳቡ እዚያው ይተነፍሳሉ፣ ሲደነግጡም ያንን ውኃ ወደ ኋላ ተፍተው ወደ ፊት ይስፈነጠራሉ። ቀጭኗ እናት ዕንቁላሏን በእርጥብ ግንድ ወይም በውኃ ተክል አካል ውስጥ ሰንጥቃ ትከተዋለች፤ ከደንዳኖቹ ብዙዎቹ ግን የሆዳቸውን ጫፍ ውኃው ላይ ነካ ነካ በማድረግ ይጥላሉ። ዛፉ ሲቆረጥ የሚጠፋው ጥላው ብቻ ሳይሆን በውኃው ላይ የተንጋደደው ሥርና ግንድም ነው፤ ዝናብ የሚያጥበው አፈርም የጅረቱን ጠጠር ይሸፍናል።

በዚህ ክፍተት መጀመሪያ ከሚደርሱት አንዱ ፓንታላ ፍላቨሰንስ የተባለው ከደንዳኖቹ ወገን የሆነ ተጓዥ ነው። ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ሲሆን፣ ዝናብ ባቆረው ጊዜያዊ ውኃ ውስጥ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ከዕንቁላል ወደ ክንፋምነት ይደርሳል። ስለዚህ ደን ተመንጥሮ ኩሬ በተተካበት ስፍራ የዝርያው ቁጥር ላይቀንስ፣ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። የመጡት ግን በየትም የሚገኙት ናቸው፤ የሄዱት ሌላ መጠጊያ የላቸውም። በቁጥር ብቻ መመዘን ስሕተት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ይህን ስል ገላጣ ስፍራ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ከቀጫጭኖቹ መካከል የኢስኑራ ወገን በጠቅላላው ፀሐይ የሚመታውን ውኃ ይወዳል፤ ከእርሱም ኢስኑራ አቢሲኒካ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ቪዮላ ክላውስኒትዘርና ክላስ-ዳው ዳይክስትራ በ2005 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የውኃ ተርቦች ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ላሉ የአገሪቱ ብርቅዬ ዝርያዎች የተለየ ትኩረት ሰጥተዋል።

ደንም ቢሆን ጨለማ ብቻ አይደለም። ከደቡብ አፍሪካ እስከ ኢትዮጵያ በዛፍ በተከበቡ ጅረቶች የሚኖረው፣ ከቀጫጭኖቹ አንዱ የሆነው የፕላቲሲፋ ካሊጋታ ወንድ በቅጠል መካከል ሾልኮ የወረደ ብርሃን ያረፈበትን ድንጋይ ይይዛል፤ ሴቲቱ ስትመጣም ነጩን የእግሩን ገጽ በፊቷ እያርገበገበ ይጨፍራል። አሁን ወደ ጅረት ስወርድ በማስታወሻዬ ላይ ከስሙ ጎን ያረፈበትን እጽፋለሁ፦ ጥላ፣ ሾልኮ የወረደ ብርሃን፣ ገላጣ።