አራት ነጥቧን ፍለጋ፦ ከስክሪን ሪደር ጋር ስድስት ወር

ደሴ ተቀምጬ ድረ ገጽ መሥራት ከጀመርኩ አምስት ዓመቴ ነው። አካል ጉዳተኞች ያለ ሰው እርዳታ የሚጠቀሙበት ድረ ገጽ ስለ መሥራት ማሰብ የጀመርኩት ግን ገና ከስድስት ወር በፊት ነው። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። አብዛኛው ስለ አንዲት ሥርዓተ ነጥብ ነው።

የመጀመሪያውን ወር ቶሎ ልለፈው። ደብሊውሲኤጂ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ አነበብኩ። የያዝኩት ቅጂ 2.2 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው። ጽሑፍና ጀርባው ቢያንስ 4.5 ለ 1 የንፅፅር ልዩነት ይኑራቸው ስለሚል፣ በነጭ ላይ በግራጫ የጻፍኩትን ሁሉ አጠቆርኩት። ለሥዕሎች ኦልት፣ ማለትም ሥዕሉን በቃል የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ጻፍኩ። ፎርሙ ላይ ሳጥኑ ውስጥ ብቻ የነበረውን ፈዛዛ ጽሑፍ ትቼ ትክክለኛ ሌብል፣ ማለትም የሳጥኑን ስም፣ ሰጠሁት። ከዚያ ማውሱን ነቅዬ በታብ ቁልፍ ብቻ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት። ይቺን እንዳትዘሏት። ከጦርነቱ ወዲህ እጃቸውን ያጡ ልጆች እዚሁ ከተማችን ውስጥ አሉ።

ሥራው የአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ነው፤ ማስታወቂያ የሚበዛበት። ሁሉን አስተካክዬ ላይትሃውስ በሚባለው የድረ ገጽ መፈተሻ ስፈትሸው ለተደራሽነት 100 ሰጠኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁላቸው።

ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ዓይነ ስውር የታሪክ መምህር አሉ። ኮምፒውተር የሚጠቀሙት በኤንቪዲኤ ነው። ለማታውቁት፣ ኤንቪዲኤ በነፃ የሚገኝ ስክሪን ሪደር ነው፤ እስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል። ማይክል ከረን የሚባል ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀመረው። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባል የድምፅ ሞተር አማርኛም ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፣ የማሽን ነው፣ ግን ያነባል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፔን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና እየተቆላ ነበር። «እስቲ መምህር ይስሙልኝ» ብዬ ከፈትኩላቸው። የወጣው ድምፅ አማርኛ አይመስልም። ጉዳዩ ቶሎ ተገኘ፤ የገዛሁት ቴምፕሌት፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የገጽ ንድፍ፣ የገጹን ቋንቋ እንግሊዝኛ ብሎ ነው የሚያስተዋውቀው። ላይትሃውስ ቋንቋ መጻፉን እንጂ ጽሑፉ በእርግጥ በዚያ ቋንቋ መሆኑን አላየልኝም። አማርኛ አልኩት፣ ተስተካከለ።

እንደገና አስጀመርነው። መምህሩ ጥቂት ሰሙና እጃቸውን አነሱ።

«ይሄ ሰውዬ ትንፋሽ አይወስድም እንዴ?»

ልክ ናቸው። አንባቢው አንድም ቦታ አያርፍም። የምዝገባው ቀን፣ የሚያስፈልገው ማስረጃ፣ የቢሮው ቁጥር፣ ሁሉም አንድ ላይ ተያይዞ ይወርዳል። አንዱ ዓረፍተ ነገር የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ በጆሮ መለየት አይቻልም። «አብሽር ልጄ፣ እኛ ለምደነዋል» አሉኝ። ከሁሉ የከበደኝ ይሄ «ለምደነዋል» የሚለው ነው።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። መጀመሪያ ኢስፒክን ጠረጠርኩ። ፍጥነቱን ቀነስኩ፣ ያው ነው። አንቀጾቹን በሌላ መልክ ከፋፈልኩ፣ ያው ነው። በመጨረሻ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ዋናው ገጽ ላይ እኔ ራሴ የጻፍኩት መግቢያ ሲነበብ በደንብ ያርፋል። እንግዲያው ሞተሩ ይችላል። አንድ የራሴን ዓረፍተ ነገርና አንድ ከማስታወቂያው የወሰድኩትን ከላይና ከታች አስቀመጥኳቸው። በዓይን ምንም ልዩነት የላቸውም። ከዚያ የቀስት ቁልፉን እየተጫንኩ ፊደል በፊደል ሄድኩ። የኔ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ጠቋሚዋ ነጥቡን በአንድ እርምጃ አለፈችው። የማስታወቂያው ላይ ግን ሁለት እርምጃ ወሰደባት።

የኔ አራት ነጥብ ነበር፣ «።»። የማስታወቂያው ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ የተመታ ነው፣ «፡፡»። ለዓይን አንድ ናቸው። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ቁጥር በሚሰጥበት በዩኒኮድ ግን ሁለት ነጥብ 1361 ነው፣ አራት ነጥብ 1362። ሁለት ነጥብ በድሮ ጽሑፋችን ቃል ከቃል የሚለይ ምልክት ነው፤ ዓረፍተ ነገር አይዘጋም። ሞተሩ ደግሞ ዓይን ስለሌለው ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያየው። አራት ነጥብ አላገኘም፣ ስለዚህ አላረፈም። የእንግሊዝኛው ኮለን ሁለቴ የተመታባቸውም ነበሩ።

ዳታቤዙን ስፈትሽ ከ312 ማስታወቂያዎች ውስጥ ትክክለኛ አራት ነጥብ ያላቸው 19 ብቻ ነበሩ። የፊደላችን ሥርዓት ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ምልክቱ ይሄን ሁሉ ዓመት ቦታው ላይ ነበር፣ እኛ ግን አልነካነውም።

ማስተካከያው አንድ መስመር ኮድ ነው፤ «፡፡» ካየህ «።» አድርገው። እዚህ ላይ አንድ ጥፋት አጠፋሁ፣ እናንተ እንዳትደግሙት። «ከነካሁት አይቀር» ብዬ ነጠላዎቹን ሁለት ነጥቦችም በሙሉ አጠፋኋቸው። ለካስ ሰዓት የሚጻፈው በሱ ነው። «ከጠዋቱ 2፡30» የሚለው «230» ሆነ፤ በየማስታወቂያው። ባክአፕ የወሰድኩት ከሦስት ቀን በፊት ነበርና በመካከል የገባውን ሁሉ በእጄ እንደገና ጻፍኩት። ጥንዶቹን ብቻ ንኩ። ባክአፕም ያው ዕለት ውሰዱ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ጸሐፊዎቹ ይሠልጥኑ ይላሉ። እኔ በጭራሽ አልስማማም። ጸሐፊዋ በቀን ስንት ደብዳቤ ትመታለች፤ እስክሪኗ ላይ ትክክል ሆኖ የሚታያትን ነገር ስህተት ነው ብሎ እሷን ማስጨነቅ ምን ይባላል? ማስታወቂያው ሲቀመጥ ኮዱ ራሱ ያስተካክለው። አሁን እንደዚያ ነው የሚሠራው።

በዚያው ምህጻረ ቃላትንም አየሁ። «ጽ/ቤት» እና «ት/ቤት» ሲነበቡ ቃሉ እዝባሩ ላይ ይሰበራል። ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤት ብላችሁ ዘርዝራችሁ ጻፉት፤ ቦታ አይጠብባችሁም። መጥበቅና መላላት ግን ከኛ አቅም በላይ ነው። «አለ» ሲል ተናገረ ማለቱ ይሁን ይገኛል ማለቱ ፊደሉ አይነግረውም፤ መምህሩም ከዓረፍተ ነገሩ ነው የሚረዱት።

አንድ መስመር ኮድ ለጥፉና ድረ ገጻችሁ ለሁሉም ተደራሽ ይሆናል እየተባሉ የሚሸጡ መሣሪያዎችን ደግሞ አደራ አትግዙ። ጥግ ላይ የዊልቸር ምልክት ያለው አዝራር ያስቀምጣሉ። መምህሩ የለመዱት የራሳቸው ስክሪን ሪደር አላቸው፣ የሌላ ሰው አዝራር ምን ያደርግላቸዋል? መቶ ከመቶ የሚሰጠውንም መፈተሻ ቢሆን ለመጀመሪያ ማጥሪያ ብቻ ተጠቀሙበት። ከዚያ ኤንቪዲኤን ጫኑ፣ ሞኒተሩን አጥፉ፣ አንድ ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው ስሙ። ከተቻለ ደግሞ በየቀኑ የሚጠቀምበት ሰው ዘንድ ሂዱ። ለድካሙም ክፈሉት። እኔ መጀመሪያ አልከፈልኩም ነበር፤ ቡናቸውን ጠጥቼ፣ ሙያቸውንም በነፃ ወስጄ ነው የወጣሁት። አሁን በሰዓት ተስማምተናል።

ያልጨረስኩት ብዙ ነው። መስማት ለተሳናቸው እስካሁን ምንም አልሠራሁም፤ ቪዲዮዎቹ ላይ የግርጌ ጽሑፍ እንኳ የለም። ሌላው ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያውን አትሞ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ፣ በስልክ ፎቶ አንስቶ ነበር የሚልክልኝ። ስክሪን ሪደሩ እሱ ጋ ሲደርስ «ግራፊክ» ይልና የፋይሉን ቁጥር ይደረድራል። በቃ። መምህሩ አንድ ጊዜ የሥልጠና ምዝገባ ያመለጣቸው በዚህ ነው። ጽሑፉን ስጡኝ ብል «ማኅተም የሌለውን ማን ያምናል?» ይሉኛል። ነገሩ እውነት አለው፤ በሐሰተኛ ማስታወቂያ ስንት ሰው ተንከራቷል። ሁለት ወር ተነጋግረን ሁለቱም እንዲወጡ ተስማማን። ጽሑፉ ከላይ፣ ማኅተም ያለበት ፎቶ ከሥሩ። የድሮዎቹ 80 ያህል ፎቶዎች እንዳሉ ናቸው። ማታ ማታ ሁለት ሦስቱን እየተየብኩ ነው።

በአዲሱ መንገድ የመጀመሪያው ማስታወቂያ የወጣው ባለፈው ሳምንት ነው። በማግስቱ ጠዋት መምህሩ ደወሉ። ማንም ሳያነብላቸው ብቻቸውን ሰምተው ጨርሰውታል።

«በደንብ ያርፋል» አሉኝ። «ግን ፈተናው ሐሙስ ነው ይላል፤ ያ ቀን የሚውለው ዓርብ ነው።»

ካላንደር አየሁ። ዓርብ ነው። ሦስት ሰው ፈርሞበት ማኅተም ያረፈበት ወረቀትም ሐሙስ ነው የሚለው። ለመሥሪያ ቤቱ ደወልኩ፤ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ታርሞ እንደገና ማኅተም ተመታበት።