ከምኑ ነው ዳርቻው?

ዛሬ ሰኞ ነው። አክስቴ ከገራዶ ወጥታ፣ ሽንኩርቷን ሰኞ ገበያ ሸጣ፣ ለቡና እኔ ጋ ጎራ አለች። ስለ ሰፈሯ የጀመርኩትን ጽሑፍ ላነብላት ቸኩዬ ነበር። አቦሉን እየጠጣን «በደሴ ዳርቻ የምትገኘው ገራዶ...» ከማለቴ አቋረጠችኝ።

«ዳርቻ? ከምኑ ነው ዳርቻው? እኔ ቤቴ ስሆን ዳር ያለው ደሴ ነው።»

ቃሉ ከዚያ በኋላ አልለቀቀኝም። «ዳር»ን በየቀኑ እንጠራዋለን፤ መንገድ ዳር፣ ወንዝ ዳር፣ እሳት ዳር። አጠገባችን ያለ ነገር ነው፣ ቁጭ እንልበታለን። «ዳርቻ» ግን ሰፋ ላለ ነገር ነው፤ የባሕር ዳርቻ፣ የከተማ ዳርቻ። ሻይ የምትሸጠው ልጅ «መንገድ ዳር» እንጂ «መንገድ ዳርቻ» አትቀመጥም። ዳርቻን የምሰማው ከዜና ነው። ታክሲ ውስጥ «ዳርቻ ላይ ወራጅ አለ» ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ደሴ ላይ ደግሞ ሌሎች ቃላት አሉን። ተራራው በኩል ያለ ሰው ቤቱን ሲጠቁም «ጦሳ ሥር» ይላል። ቁልቁል ገደል የሚያይ «አፋፉ ላይ» ይላል። ሌላው «የሐይቅ መውጫ»፣ «የኮምቦልቻ መውጫ» ነው። ይሄን «መውጫ» የሚለውን በጣም እወደዋለሁ። ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ሰው ያው ቦታ መግቢያ ነው።

ቦሩ ሜዳንም አሰብኩ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ያን ትልቅ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉት እዚያ ነው። ንጉሥ ምኒልክም ነበሩበት። ያኔ ደሴ የምትባል ከተማ ገና አልተቆረቆረችም። ዛሬ ግን ያንን ሜዳ «የደሴ ዳርቻ» ብለን እንጽፋለን። ከተማዋ ኋላ መጥታ ቀድሞ የነበረውን ዳር አደረገችው። እኔም ራሴ ስንቴ እንደዚያ እንደጻፍኩ ሳስበው ከፋኝ። መሀል ደሴ፣ ፒያሳ ቆሜ ነው የጻፍኩት፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ቃሉ መጥፎ ነው አልልም። ቦታውን ለማያውቅ ሰው ይጠቅማል። ግን ስለ አክስቴ ደጅ ስጽፍ ከአክስቴ ደጅ ቆሜ መሆን አለበት።

ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝኩት። ቶናው ሲቀዳ አዲሱን አነበብኩላት፦ «ገራዶ ከደሴ ወረድ ብላ ትገኛለች።»

ስኒዋን አስቀመጠች። «እሱስ ልክ ነው» አለች። «ስመለስ ቁልቁለት ነው።»