ሩዙ እስኪበስል

የቻይና አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል ሴራሚክ ልግዛ ብሎ ፎሻን መሄድ ራስ ምታት ነው። ፋብሪካዎቹ ምድጃቸውን ያጠፋሉ። ሠራተኛው ለበዓሉ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ሥራው እስኪነሳ ሳምንታት ያልፋሉ። በዚያ ሰሞን የሚገዛው መጋዘን ውስጥ የተገኘው ነው።

እኔ ጓንዡ ውስጥ ለአንድ የንግድ ድርጅት እሠራለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነጋዴዎች ኤልሲውን፣ ማለትም የባንክ የክፍያ ዋስትናውን፣ በድርጅታችን ስም ይከፍታሉ። እኛ ደግሞ ዕቃውን ከየፋብሪካው ፈልገን ገዝተን እንጭናለን። ማስተርጎሙም የእኔ ሥራ ነው፤ ለእሱ ደንበኛው ለብቻ ይከፍለኛል።

የዚያን ቀን ፎሻን ይዣቸው የሄድኩት መርካቶ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያላቸው አንድ ጋሼንና የእህታቸውን ልጅ ነው። ገናን አገር ቤት በልተው ነው የመጡት። ጠዋቱን ሙሉ 60 በ60 ፖርስሊን ስናገላብጥ አረፈድን። ጋሼ ሥራቸውን ያውቃሉ። ሴራሚኩን እየገለበጡ ጀርባው ላይ ውኃ ጠብ ያደርጋሉ፤ ጥሩ ፖርስሊን ውኃ አይጠጣም። ሻጩ በካሬ 33 ዩዋን አለ። ዋጋ ሳንቆርጥ ምሳ ሰዓት ደረሰና ልጋብዛችሁ ብሎ ይዞን ወጣ።

የገባነው ፋብሪካው አጠገብ ያለች ጠባብ ምግብ ቤት ነው። ያላት ሁለት ነገር ነው፦ ኑድልና ቦ ጃይ ፋን። ቦ ጃይ ፋን በሸክላ ድስት የሚሠራ ሩዝ ነው፤ ፎሻን ያለችበት የጓንግዶንግ ግዛት ሰዎች በብርዱ ወራት ይወዱታል። ሩዙ ቀድሞ በስሎ አይጠብቅም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ትንሽ ድስት ይጣድለታል። ሩዙ ውኃውን መጨረስ ሲጀምር ሥጋው ከላይ ይደረጋል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ በእንፋሎቱ አብሮ ይበስላል። ድስቶቹ ቢሰነጠቁ እንዳይበታተኑ ዙሪያቸውን በሽቦ ታስረዋል። ብዙ ሰው የሚያዘው የአሳማ ቋሊማ ያለበትን ነው። እኛ ዶሮ በእንጉዳይ አዘዝን። የአሳማ ስብ እንዳይነካውም ደጋግሜ ተናገርኩ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ኑድል ብናዝ ኖሮ ወዲያው ይደርስ ነበር፤ ይሄ ሁሉ ጣጣም አይመጣም።

ሻጩ እንደ አካባቢው ልማድ ሳህኖቻችንን በትኩስ ሻይ አለቀለቀ። ሻይ ሲቀዳልኝ በሁለት ጣቴ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረግኩ፤ እዚያ ምስጋና ነው። ልጁም አይቶኝ መታ። ጋሼ ግን ልባቸው ዋጋው ላይ ነው።

«መጀመሪያ 28 በለው» አሉኝ ጮክ ብለው። «እስከ 30 እንሄዳለን። ከዚያ ካለፈ አያዋጣንም።»

ምግብ ላይ የዋጋ ነገር አይነሳ ብዬ መኪና ውስጥ ነግሬያቸው ነበር። በዓይኔ ጠቀስኳቸው።

«ምን ትጠቅሰኛለህ? እዚህ ማን አማርኛ ይሰማል?»

ልጁ ደግሞ ባሰ። «ጋሼ፣ ዋጋው ይቅር። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተጫነ ኤልሲው ጉድ ይሠራናል።»

ሻጩ ዝም ብሎ ሻይ ይጨምርልናል።

ድስቶቹ እየተንጣጡ መጡ። ልጁ ክዳኑን በባዶ እጁ ሊያነሳ ሲል ሻጩ ቀለብ አድርጎ ያዘው።

«ቆይ ቆይ! ያቃጥላል!»

በአማርኛ። ያውም ጥርት ባለ አማርኛ። ጋሼ ማንኪያቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ዱከም አራት ዓመት ሠርቻለሁ» አለ እየሳቀ። «ፋብሪካ። አሁን ረስቻለሁ፣ ትንሽ ትንሽ ነው።» ትንሽ ትንሽ ያለው ለትሕትና ነው። ከዚያ ጣፈጥ ያለውን አኩሪ አተር ሶስ እንዴት እንደምናፈስ፣ ከሥር የያዘውን ቡናማ ሩዝ እንዴት እንደምንፍቅ በአማርኛ አስተማረን። ያ የያዘው ሩዝ የምግቡ ምርጥ ክፍል ነው። ጋሼ ግን የበሉትን ያወቁት አይመስለኝም።

ሲያስቡት አይገርምም። ዱከም የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሠሩት ቻይናዎች ናቸው፤ የጅቡቲውንም ባቡር እንደዚሁ። እኛ አገር ዓመታት የኖረ ሰው አማርኛውን ቦሌ ጥሎት አይሄድም። ለአፍሪካ ገበያ ሻጭ የሚፈልግ ፋብሪካም እንዲህ ያለውን ቢቀጥር ደግ አደረገ። ሰውየውን ተንኮለኛ አልለውም። አማርኛ ትችላለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም።

ከሰዓት ቢሮ ተመለስን። ጣሪያችንን ሰምቷል፣ በ30 ይዘጋዋል ብለን ነበር። እሱ ግን 32 ላይ ቆመ። መጋዘን ያለው ይኸው ነው፣ አዲስ ከፈለጋችሁ ምድጃው የሚለኮሰው ከበዓሉ በኋላ ነው አለ። ጋሼን ያስጎዳቸው 30 ማለታቸው አልነበረም። ዋጋህ ቢታወቅብህ ካልሆነ ልሂድ ማለት ትችላለህ። ቀንህ ከታወቀ ግን የት ትሄዳለህ? ኤልሲ የመጨረሻ የመጫኛ ቀን አለው። እሱ ካለፈ ማሻሻያ መጠየቅ፣ ባንክ ደጅ መጥናት፣ ተጨማሪ ወጪ ነው። አሁን ለደንበኛ ሁሉ ዋጋ አታውሩ ከማለቴ በፊት ቀን አታውሩ እላለሁ። ሻጩንም አፍሪካ ኖሮ ያውቅ እንደሆነ ገና ሰላም ስንባባል እጠይቀዋለሁ።

በ32 ተስማሙ። ልንፈርም ስንል ጋሼ እኔን ትተው በቀጥታ ወደ ሻጩ ዞሩ።

«በእናትህ፣ ለሚሰበረው ምትክ የሚሆን ካርቶን ሴራሚክ በነፃ ጨምርልን እንጂ!»

ሻጩ ሳቀ። «አሥር።»

«ሃያ አድርገው። አዲስ አበባ ስትመጣ ክትፎ የማበላህ እኔ ነኝ።»

በ15 ተጨባበጡ። እኔ መሃል ቁጭ ብዬ የማስተረጉመው አጣሁ። ሒሳቤን ግን ሙሉውን ከፍለውኛል።