ከታላቅ ወንድሟ ቀድማ የተወለደችው ታናሽ እህት

የቤተ ዘመድ ማኅበራችን ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት ሌላ እጁን ያወጣ ሰው ስላልነበረ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ መዝገብ ቤት ስለሠራሁ፣ ዘመዶቼ ወረቀት ሁሉ ለእኔ የሚታዘዝ ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው ሥራዬ የተወለደው፣ ያገባውና ያረፈው ሁሉ ከነቀኑ የሚሰፍርበት የቤተሰብ መዝገብ ማዘጋጀት ነበር። ቤተሰባችን ደግሞ ከአዲስ አበባ ሌላ ሜሪላንድ፣ ለንደንና ስቶክሆልም ተበትኗል። በቴሌግራም «ቀኖቻችሁን ጽፋችሁ ላኩልኝ» አልኩ። ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁሉም ላከ። ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ከእኔ የተሻለ ኮምፒውተር ስለሚያውቅ ቀኖቹን ሁሉ ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እየመለሰ ኤክሴል ላይ አሰፈረልኝ። አሳትሜ ለዓመታዊው ስብሰባ አደረስኩ። ቡናው ገና ሁለተኛው ሳይደርስ እትዬ መነጽራቸውን አጥልቀው ገጹን ወደ እኔ አዞሩት።

«አንተ፣ እኔ ታናሽየዋን ከታላቅየው በአምስት ዓመት አስቀድሜ ነው የወለድኳት?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ላብ ላብ አለኝ። ወንድሙ 1990፣ ታናሽ እህቱ 1985 ተብሎ ታትሟል። ስልኬን ከፍቼ የእትዬ ባለቤት የላኩትን መልእክት ፈለግኩ፤ 3/13/1985 ይላል። ጳጉሜን 3 ቀን 1985 ዓ.ም. ማለታቸው ነው። አሜሪካ ያለው ኮምፒውተር ግን ወርን አስቀድሞ ስለሚያነብ ማርች 13 ቀን 1985 ብሎ ተቀበለው። የአክስቴ ልጅም የፈረንጅ ቀን ነው ብሎ አለፈው። ዐሥራ ሦስት ወር ያለን ስለሆንን አገራችንን ለቱሪስት እናስተዋውቅባት የነበረችው ያቺ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የአሜሪካኖቹ ቀን ሆና ቁጭ አለች። ልጅቷ የተወለደችው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1993 ነው። እትዬ ደግሞ ይህን ሁሉ ሳይሰሙ «በጳጉሜን ሩፋኤል ነው የወለድኳት፤ ልጆቹ ዝናቡን ሲታጠቡ ጩኸታቸው ይሰማኝ ነበር» ብለው ጨረሱት።

መዝገቡን ሰብስቤ ወደ ቤት ወሰድኩ። ሌላው ስንቱ ተሳስቶ ይሆን?

በመጀመሪያ ያየሁት ቀላሉን ነበር። ኤክሴል ቀን መሆኑን ያመነበትን ወደ ቀኝ ያስጠጋል፤ ያልገባውን እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ ወደ ግራ ይተወዋል። በአሜሪካ ልማድ በተቀናበረ ኮምፒውተር 25/04/1998 ግራ ላይ ይቀራል፤ ሃያ አምስተኛ ወር የለማ። የአክስቴ ልጅ ግራ የቀሩትን አንድ በአንድ አቃንቶ «አለቀ» ብሎኝ ነበር። እኔም አመሰገንኩት። የሚያስፈሩት ግን በቀኝ በኩል ተሰልፈው የቆሙት ናቸው። የለንደኑ ዘመዳችን 05/04/1998 ብሎ ኤፕሪል 5 ማለቱ ነበር፤ ማሽኑ አንድም ሳያጉረመርም ሜይ 4 አደረገው። እርሳስ ይዤ ቆጠርኩ። ከየወሩ 1ኛ እስከ 12ኛው ያሉት ቀኖች በዓመት 144 ናቸው። እንደ 5/5 ያሉት 12ቱ ቢገለበጡም ያው ናቸው። 132 ቀን ይቀራል። ከዓመቱ ሲሶ የሚበልጠው ቀን ቢገለበጥ የሚጮህ የለም ማለት ነው።

ሰው ለምን በአንድ ነገር ላይ ይህን ያህል ይለያያል ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ካነበብኩት ሁሉ የያዝኩት ነገር አንድ ነው፦ ሰው ቀኑን በቁጥር ከመጻፉ በፊት በአፉ ይለዋል፤ ቁጥሩም አፉን ተከትሎ ይሰለፋል። የአሜሪካ የነፃነት አዋጅ ራስጌ ላይ ያለው «ጁላይ 4፣ 1776» ነው። እንግሊዞች በዚያ ዘመን ሁለቱንም ይሉ ነበር፤ ኋላ እነሱ ቀንን ወደ ማስቀደም ሲያዘነብሉ ባሕር የተሻገሩት በወር እንደጀመሩ ቀሩ። ፈረንሳዩ «14 ጁላይ» ስለሚል ቁጥሩም ከ14 ይጀምራል። ቻይና፣ ጃፓንና ኮሪያ ከዓመት ወደ ወር፣ ከወር ወደ ቀን ይወርዳሉ፤ የቤተሰብ ስማቸውም ከራሳቸው ስም ይቀድማል፤ በቋንቋቸው ሲጻፍ አድራሻቸውም ከሰፊው አገር ተነሥቶ ወደ ቤት ቁጥር ነው። በአውሮፓ መካከል ያለችው ሃንጋሪም እንዲሁ ናት፤ ዓመትም የቤተሰብ ስምም ይቀድማል። ይህን ሳነብ የእኛ ስም ትዝ አለኝ፤ ራስ፣ አባት፣ አያት፤ ከትንሹ ወደ ትልቁ፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት እንደማለት ነው።

ግን እውነቱን ለመናገር እኛ በሁለት ቢላዋ ነው የምንበላው። በፊደል ስንጽፍ «የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.» እንላለን፤ ወር ይቀድማል፣ ቀን ይከተላል፣ ልክ እንደ አሜሪካኖቹ። በቁጥር ሲሆን ደግሞ 23/6/1888 ብለን ወደ አውሮፓ እንሻገራለን። የኅዳር ሚካኤል፣ የታኅሣሥ ገብርኤል ስንልም 12ና 19 የቅዱሳኑን ስም ለብሰው ከወሩ ኋላ ይመጣሉ። በደብዳቤ ራስጌ ላይ «ቀን» ከሚለው ፊት ለፊት ስንት ሺህ ጊዜ በእዝባር እየከፈልኩ ጽፌያለሁ፤ አፌና እጄ መለያየታቸውን ግን አንድም ቀን አላስተዋልኩም። ስለዚህ በአሜሪካኖቹ ላይ የምስቀውን ሳቅ ትቻለሁ።

ቁጥር ብቻውን ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ለማየት 9/11 ይበቃል። ለአሜሪካኖቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ነው። ለጀርመናዊ በራሱ ልማድ ሲነበብ ኖቬምበር 9 ነው፤ በ1989 የበርሊን ግንብ የተከፈተበት ዕለት። አዲስ አበባ ያለ ጸሐፊ 9/11 ቢል ሐምሌ 9 ማለቱ ነው። ያ የኒው ዮርክ መከራ የወረደበት ዕለት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር 1/1/1994 ነበር፤ እንቁጣጣሽ።

ከዚህ በኋላ ዕውቀት የተሞላሁ መስሎኝ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። የአጎቴ ልጅ ሠርግ በሁለት ሰው ተልኮልኝ ነበር፤ ከለንደን 09/05/2004፣ ከሜሪላንድ 05/09/2004። ሁለቱም በየአገራቸው ልማድ ሜይ 9 ማለታቸው ይመስላል። ግን የሜሪላንዷ ልጅ ያደገችው እዚህ ነው፤ ቀን አስቀድማ ቢሆንስ? የለንደኑስ ከአሜሪካዊት ሚስቱ ቀድቶ ቢሆንስ? ሠርጉ እሑድ እንደነበር ሁሉም ይስማማል፤ እንግዲያውስ የዕለቱ ስም ይፈርዳል ብዬ ካላንደር ከፈትኩ። ሜይ 9 ቀን 2004፣ እሑድ። ሴፕቴምበር 5 ቀን 2004፣ እሑድ! የሌላ ዓመት ሞከርኩ፤ አሁንም በአንድ ዕለት ይውላሉ። በየትኛውም ዓመት ቢሆን በመካከላቸው 119 ቀን፣ ልክ 17 ሳምንት አለ። ጁላይ 11ና ኖቬምበር 7ም እንደዚሁ ናቸው። ሙሽራይቱ ዘንድ ደወልኩ።

«ሙሽራው ሊወስደኝ ሲመጣ ጎረቤቶቹ ደጅ ላይ ንፍሮ ይዘው ነበር፤ መኪናውን አስቁመው አቃመሱን እኮ» አለችኝ። የግንቦት ልደታ! ግንቦት 1 ቀን 1996 ዓ.ም. ሜይ 9 ነው። ሴፕቴምበር 5 ቢሆን ኖሮ ነሐሴ 30 በሆነ ነበር፤ በዚያ ጭቃ ማን ድንኳን ይተክላል?

ያን ዕለት የሥራዬን አካሄድ ለወጥኩ። «ጽፋችሁ ላኩልኝ» የሚለውን ትቼ «በድምፅ ንገሩኝ» ማለት ጀመርኩ። ሰው በአፉ ሲናገር «ሦስት እዝባር ዐሥራ ሦስት» አይልም፤ «ጳጉሜን ሦስት» ይላል፤ የወሩን ስም ከነአገሩ ይጠራልሃል። በአዲሱ መዝገብ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ዓምድ አበጀሁ። በመጀመሪያው ሰውየው የላከው ሳይነካ፣ ከየት አገር እንደተላከም ተጠቅሶ ይቀመጣል፤ የድሮው ስሕተቴ ሲታረም ዋናውን ቃል አጥፍቼው ስለነበር ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ አስቸግሬያለሁ። በሁለተኛው ቀኑ ከወሩ ስም ጋር በእኛ አቆጣጠር ይሰፍራል። በሦስተኛው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከዓመት ጀምሮ በአሃዝ ይጻፋል፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ሥርዓት ነው። ለኮምፒውተር ጥሩነቱ እንደ ተራ ቁጥር ቢደረድረው እንኳ ከታላቅ ወደ ታናሽ ሳይዛነፍ መምጣቱ ነው። ፓስፖርት ያላቸውንም ከታች ከተደረደሩት ሁለት መስመሮች የልደታቸውን ስድስት አሃዝ አስነበብኳቸው፤ የየትም አገር ፓስፖርት ቢሆን እዚያ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ነው።

ስዊድኖች ይህን ከጥንት ያወቁት ነገር ነው፤ የመታወቂያ ቁጥራቸው ራሱ በዓመት፣ በወርና በቀን ይጀምራል። ስለዚህ ስቶክሆልም ያለው የወንድሜ ልጅ 1986-05-11 ብሎ ሲልክልኝ ተመስገን ብዬ ሳልጠይቅ አሰፈርኩት። ከወር በኋላ እናቱ «ልጄማ የጥምቀት ዕለት ነው የተወለደው» አሉኝ። ጥር 11 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ማለትም ጃንዋሪ 19 ቀን 1994! የእኛን ቀን የስዊድን ልብስ አልብሶ ልኮልኛል። ቅደም ተከተሉ ንጹሕ ነው፤ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ግን ከቁጥሮቹ አንዱም አይናገርም። ከዚያ ወዲህ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበትን ቀን አልቀበልም፤ ዘመዶቼ በዚህ ነገር ሰልችተውኛል።

የመጨረሻዋ አክስታችን ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ስልክም አይወዱም፤ ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እናቴ እንደነገረችኝ፣ ጠላት በገባ ዓመት፣ በመጋቢት፣ በአቦ» አሉኝ። ጣልያን ድንበር የጣሰው መስከረም 22፣ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው፤ ሁለቱም በ1928። አቦ በ5 ነው። በመጀመሪያው ዓምድ ቃላቸውን እንዳለ አሰፈርኩ፤ በሁለተኛው መጋቢት 5 ቀን 1928 ዓ.ም. አልኩ። ሦስተኛው ላይ 1936-03-14 ብዬ ስጽፍ እጄ ቆመ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፤ አክስታችን በተናገሩበት ተራ።